እጅና እግር ለሚቀዘቅዝበትና ለሚደነዝዝበት ሰው፦ የአዩርቬዳን የዘይት እሽት ቤት ውስጥ እንዴት እንሥራው?

ድሬ ላይ «እግሬ በረዶ ሆነ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትሳቁበት። አስፋልቱ እየጋለ፣ ባጃጁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ፣ የእሱ ጣቶች ግን የሚቀዘቅዙበት ሰው አለ። ሌሊት እግሩን ጠቅልሎ የሚተኛ፣ ጠዋት ሲነሳ ውስጥ እግሩን ጉንዳን የወረረው የሚመስለው፣ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ጣቱ የሚደነዝዝበት አለ። ሐረር ስትወጡ ደግሞ ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የማለዳ ብርድ ነገሩን ያባብሰዋል።

እናቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። ከዚህ በታች የምጽፈው ቤታችን ውስጥ ለእሷ የምናደርገውን ነው። ሕክምናው አዩርቬዳ ይባላል፤ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የህንዶች ባህላዊ ሕክምና ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ይህ እሽት ይጠቅማል። ቆዳን ያሞቃል፣ የተጨማደደ ጡንቻን ያፍታታል፣ ጥሩ እንቅልፍ ይሰጣል፣ እግራችሁን በየቀኑ በዓይናችሁ እንድታዩትም ያስገድዳል። የጠበበ ወይም የተደፈነ የደም ቧንቧ ግን አይከፍትም። ስኳር የጎዳውን ነርቭም አይመልስም። እሽቱን የምትጀምሩት ይህን አውቃችሁ ይሁን።

ዘይቱን ከማንሳታችሁ በፊት እግሩን እዩት

ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን አድርጉና በእጃችሁ ጀርባ ንኳቸው። ሁለቱም እኩል ቀዝቃዛ ከሆኑ አንድ ነገር ነው። አንዱ ሞቅ ብሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን ያ የቀዘቀዘው እግር ደም በደንብ ላይደርሰው ይችላልና ሐኪም ይየው።

ቀጥሎ የትልቁን ጣት ጥፍር ጫን ብላችሁ ልቀቁት። ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ መልኩ መመለስ አለበት። ከዚያ የደም ምቱን ፈልጉ። አንዱ ምት እግር ጀርባ ላይ ነው፤ ከትልቁ ጣትና ከሁለተኛው መሃል ተነስታችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ፣ እግሩ ጎበጥ የሚልበት አካባቢ ላይ በሁለት ጣት ሳትጫኑ ስታዳምጡት ቱክ ቱክ ይላል። ሌላው ከውስጥ በኩል ካለው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ነው። እግር ጀርባ ላይ ያለው በአንዳንድ ጤነኛ ሰው ላይም አይገኝም፤ ስለዚህ አንዱ ቢጠፋ አትደንግጡ። ሁለቱም ከጠፉ ግን ሐኪም ቤት ሂዱ። እዚያ የቁርጭምጭሚትን ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር አነጻጽረው ይለካሉ፤ ውጤቱ ከ0.90 በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ልኬቱ አያምም፣ መርፌም የለውም።

በጥሞና የምትጠይቁት ጥያቄ ደግሞ ይኼ ነው፦ «ስትራመድ ባትህን ጨምድዶ ይይዝሃል? ቆም ስትል ይለቅሃል?» አዎ ካለ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ከሆነ፣ የእግሩ ደም ወሳጅ ቧንቧ መጥበቡ አይቀርም። ይህ ሰው እሽት ቢሠራም ሕክምናው ግን ሌላ ነው። የልቡና የአንጎሉ ቧንቧም እንዲሁ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ነገሩ እግር ላይ ብቻ አይቆምም።

ፈጽሞ የማይታሽ እግርም አለ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ እጃችሁን አንሱ። ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ስታሹት ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። እኛ አገር ያበጠ እግር ሁሉ «ወለምታ ነው» ተብሎ ወጌሻ ጋ ስለሚሄድ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው። ረጅም መንገድ ተቀምጦ ከመጣ፣ በቅርቡ ከወለደች፣ ኦፕሬሽን ተደርጎለት ከተኛ ሰው እግር ጋር በተለይ ተጠንቀቁ።

እግር ድንገት ገርጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከባድ ሕመም ከያዘው ደግሞ ያላችሁ ሰዓታት ብቻ ነው። ዘይት አታሙቁ። ባጃጅ ጥሩና ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና፣ ወይም የሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድረሱ። የማይድን ቁስል፣ የጠቆረ ጣት፣ ትኩሳትም እንዲሁ መጀመሪያ ሐኪም ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዳከምም እጅና እግርን ያቀዘቅዛሉ ወይም ያደነዝዛሉ፤ እነዚህ በደም ምርመራ የሚለዩ ናቸው።

አዩርቬዳ ብርዱን እንዴት ያየዋል

በአዩርቬዳ አስተሳሰብ ሰውነትን የሚመሩ ሦስት ኃይሎች አሉ። ቫታ እንቅስቃሴ ነው፤ ባሕርዩ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ቀላል ነው። ፒታ ሙቀት ነው። ካፋ ደግሞ ክብደትና እርጥበት። ደምን ከልብ አንስቶ ወደ ዳር የሚገፋው ቪያና ቫዩ የሚሉት አንዱ የቫታ ክፍል ነው። እሱ ሲዛባ ዳር ያለው አካል ይቀዘቅዛል፣ ይደርቃል፣ ይደነዝዛል ይላሉ። መድኃኒቱም ተቃራኒው ነው። ለቀዝቃዛው ሙቀት፣ ለደረቁ ቅባት፣ ለተዘበራረቀው ደግሞ ሰዓቱን የጠበቀ ኑሮ።

ይህ የዛሬው ሕክምና የሚሰጠው ማብራሪያ አይደለም። ግን ከዚህ የሚወጣው ምክር፣ ማለትም ሞቅ ያለ ዘይት፣ የእጅ እሽት፣ ትኩስ ምግብና በጊዜ መተኛት፣ ከላይ ያልኩት ጥንቃቄ ከተጠበቀ የሚጎዳ አይደለም። እኔ የምወስደው ይኼንን ነው።

ልዩነቱንም እወቁ። እግሩ የሚቀዘቅዝ ሳይሆን የሚያቃጥለው ሰው ካለ፣ አዩርቬዳ ያንን የፒታ ነገር ነው ይልና የሰሊጥ ዘይት ሳይሆን የሚያቀዘቅዘውን የኮኮናት ዘይት ያዛል። እኔ ደግሞ እጨምርበታለሁ፤ ውስጥ እግር ሌሊት ሌሊት ሲያቃጥል ብዙ ጊዜ የስኳር ምልክት ስለሆነ ስኳሩን ይለካ።

ዘይቱ

አዩርቬዳ ለቫታ ከሁሉ የሚያስቀድመው የሰሊጥ ዘይት ነው። ሰሊጥ ደግሞ የአገራችን ነው። የምትፈልጉት ሳይቆላ የተጨመቀውን ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ሽታው ለስለስ ያለ ነው። ከተቆላ ሰሊጥ የወጣው ጠቆር ያለው ዘይት ለወጥ ይጣፍጣል፣ ለቆዳ ግን ይከብዳል፣ ሽታውም አንሶላ ላይ ይቀራል።

ስትገዙ ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሽቱት። የከረመ ዘይት አፍንጫን የሚወጋ የሻገተ ሽታ አለው። ድሬ ሙቀቷ ዘይት አያስከርምም፤ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው አትግዙ። ከሌላ ዘይት ጋር ተቀላቅሏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ጥቂቱን በብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ነጭ ሆኖ ከረጋ ፓልም ገብቶበታል ማለት ነው፤ የሰሊጥ ዘይት በፍሪጅ ቅዝቃዜ እንዲህ አይረጋም።

ቤት ስታመጡት አንዴ ይሙቅ። ህንዶቹ እንዲህ ያደርጋሉ፦ ዘይቱን ደረቅ ድስት ውስጥ ጨምረው ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጥዱና አንዲት ጠብታ ውሃ ይጥሉበታል። ጠብታዋ ታች ትቀመጣለች። ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቸስ ብላ ትፈነዳለች። ያኔ ወዲያው ይወርዳል። ከአንድ ጠብታ በላይ አትጣሉ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ ምድጃውን ትታችሁ የትም አትሂዱ። ሲቀዘቅዝ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል።

እሽቱ

ይህ ሙሉ የዘይት እሽት አብያንጋ ይባላል፤ የእግር ብቻ ሲሆን ፓዳብያንጋ ይሉታል። የሚመረጠው ጊዜ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ፣ ከመታጠብ በፊት ነው። ጠዋት ለማይመቸው ማታ ከመኝታ በፊት ይሁን፤ ግን ከራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ትኩሳት ያለበት፣ የበላው ያልተፈጨለት፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው አይታሽም። ይህን የሚለው አዩርቬዳው ራሱ ነው።

ለሁለቱም እግርና እጅ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ዘይቱን ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ የያዘ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አታሙቁት። የእጃችሁ አንጓ ውስጥ ላይ ጠብ ስታደርጉት ሞቅ ማለት አለበት እንጂ መለብለብ የለበትም። የሚታሸው ሰው እግሩ የደነዘዘ ከሆነ «ሞቀህ?» ብላችሁ አትመኑት፤ እሱ አይሰማውም። የምታምኑት የራሳችሁን አንጓ ነው።

አሮጌ ሽርጥ አጣጥፋችሁ አንጥፉ። ሰውየው ይቀመጥ ወይም ጀርባውን ደገፍ ይበል፣ እግሩ እናንተ ጭን ላይ ይሁን። መጀመሪያ ዘይቱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ከጉልበት እስከ ጣት ሳትጫኑ ቀቡት። ሁሉም ቦታ ከራሰ በኋላ ነው እሽቱ የሚጀምረው።

ሕጉ ቀላል ነው። ረጅም አጥንት ላይ ረጅም እሽት፣ መገጣጠሚያ ላይ ክብ እሽት። ቅልጥምና ባትን በሙሉ መዳፍ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትን ዙሪያውን። እግር ማበጥ ላለበት ወደ ላይ የሚሄደው እሽት ጠንከር፣ ወደ ታች የሚመለሰው ቀለል ይበል፤ የደም መላሽ ቧንቧዎች ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ወደ ላይ ነውና። የተወጣጠረ፣ ሰማያዊ ሆኖ የተጋደመ ደም ሥር ካያችሁ እሱን አትጫኑት፤ በአጠገቡ እለፉ።

ውስጥ እግር ላይ ጊዜ ስጡ። የእናቴ ተረከዝ የተሰነጣጠቀና ደረቅ ስለነበር መጀመሪያ ዘይቱን ሁለት ጊዜ ይጠጣዋል፣ ሦስተኛው ላይ ነው አውራ ጣቴ መንሸራተት የሚጀምረው። ከተረከዝ ተነስታችሁ በአውራ ጣት እየገፋችሁ እስከ ጣቶቹ ሥር ድረስ ሂዱ። መሃሉ ላይ፣ ከመካከለኛው ጣት ትይዩ፣ ታላህሪዳያ የሚሉት ቦታ አለ፤ እሱን ለአምስት ትንፋሽ ያህል ጫን ብላችሁ ልቀቁት። በትልቁና በሁለተኛው ጣት መሃል ያለው ደግሞ ክሺፕራ ነው። እነዚህን ማርማ ይሏቸዋል፣ የሕይወት ኃይል የሚገናኝባቸው ነጥቦች እንደማለት። በኃይል መጫን የለም። ሰውየው ፊቱን ካኮማተረ በዝቷል።

ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ። ከሥሩ ያዙና ወደ ጫፍ እየሳባችሁ አሹ፣ ትንሽ አሽከርክሯቸው። ማንቋቋት ግን አያስፈልግም። እጅም እንዲሁ ነው፤ ከክርን ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ እያንዳንዱ ጣት ጫፍ። ለአንድ እግር አምስት ደቂቃ በቂ ነው፣ አሥር ከሆነ ደግሞ ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ከባህሉ የምለይበት ነጥብ አለ። ህንዶቹ በጣቶች መሃል ሁሉ ዘይት ያስገባሉ። ስኳር ላለበት ሰው ይህን አታድርጉ። በጣቶች መሃል እርጥበት ከቆየ ፈንገስ ይበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ለስኳር ሕመምተኛ ትልቅ ቁስል ይሆናል። እግር ጀርባና ውስጥ እግር ይቀባ፣ የጣቶች መሃል ደረቅ ይሁን።

ዘይቱ ገላ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ሰውየው አይነሳ። የቤታችሁ ወለል ሴራሚክ ወይም ሊሾ ከሆነ ዘይት የነካው እግር እንደ ሳሙና ነው የሚንሸራተተው፤ ስንት ሽማግሌ ዳሌው የሚሰበረው በእንዲህ ያለ ነው። መነሳት ካለበት በደንብ ጠርጋችሁ ካልሲ አልብሱት።

ከእሽቱ በኋላ ያለው ሙቀት

ዘይት ከተቀባ በኋላ ማሞቅ አለ፣ ስዌዳና ይባላል። ቤት ውስጥ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይበቃል። ውሃው ከሰውነት ሙቀት ብዙም አይብለጥ፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ። ቴርሞሜትር ከሌለ በክርን ሞክሩት፤ ሕፃን የምታጥቡበት ውሃ ማለት ነው። እግሩ አሥር ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ስኳር ላለበት ግን መዘፍዘፉ ይቅርና በፍጥነት ታጥቦ ይድረቅ። የተጠበሰ ዝንጅብል ወይም አንድ እፍኝ ጨው ውሃው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፣ ደስ ይላል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ቀዝቃዛ እግርን ወደ ከሰል ምድጃ ማስጠጋት፣ የፈላ ውሃ የሞላ ጎማ ወይም ሃይላንድ እግር ሥር አድርጎ መተኛት ግን ይቅር። የደነዘዘ እግር መቃጠሉን አይናገርም። ጠዋት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ነው የምታገኙት።

ዘይቱን ለማስለቀቅ የሽምብራ ዱቄት በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ አሹበትና አጥቡት። ህንዶቹ የሚያደርጉት ይኼንኑ ነው፤ ሳሙና ቆዳውን መልሶ ያደርቀዋል። እግራቸው ከመቀዝቀዙ ጋር ከባድ፣ እርጥብና ወፈር ያለ ለሆነ ሰዎች ደግሞ አዩርቬዳ የካፋ ነገር ነው ብሎ ዘይቱን ቀንሶ ደረቁን ዱቄት፣ የሽምብራ ወይም የገብስ፣ ከታች ወደ ላይ እንዲታሽ ያዛል።

የዝንጅብል ዘይት ማብሰል ለሚፈልግ

ተራው ዘይት ለብዙ ሰው ይበቃል። ግን የአዩርቬዳ ዘይት አበሳሰል የሚያምር ሥርዓት ስላለው ላሳያችሁ። ልኩ አንድ፣ አራት፣ አሥራ ስድስት ነው፦ አንድ እጅ የተፈጨ ቅመም፣ አራት እጅ ዘይት፣ አሥራ ስድስት እጅ ውሃ። ስለዚህ ለግማሽ ሊትር ዘይት 125 ግራም ዝንጅብል በሙቀጫ ወቅጣችሁ ሊጥ ታደርጉታላችሁ፣ 2 ሊትር ውሃ ትጨምራላችሁ። በውሃው ፈንታ ዝንጅብል የተቀቀለበት ውሃ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው።

ሁሉንም ሰፊ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይንተክተክ። ሰዓታት ይፈጃል። ውሃው እያለቀ ሲመጣ ማማሰሉን አታቁሙ፣ ሊጡ ታች እንዳይዝ። ወደ መጨረሻው ዘይቱ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ያኔ ትንሽ ሊጥ በማንኪያ አውጡና ሲበርድ በሁለት ጣት መሃል አሽከርክሩት። እንደ ጧፍ ክር ከተጠቀለለ ደርሷል። ቁራጯን እሳት ላይ ጣል አድርጉ፤ ቸስ ካለ ገና ውሃ አለው፣ ዝም ብሎ ከነደደ ውሃው አልቋል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት።

የዝንጅብል ዘይት አንዳንድ ቆዳ ያሳክካል። መጀመሪያ ክንድ ውስጥ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቁስልና ስንጥቅ ላይ፣ ፊት ላይ አይነካም።

የሚጠጣውና የሚበላው

አዩርቬዳ ለብርድና ለካፋ የሚሰጠው ትሪካቱ የሚባል ድብልቅ አለ፤ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ፒፓሊ እኩል እኩል ተፈጭተው። ፒፓሊ የእኛው የጥምዝ ዘመድ ነው፣ አንድ ዓይነት ተክል ባይሆኑም። እነዚህ ቅመሞች ከህንድ ጋር ያለን የጥንት ንግድ ምስክሮች ናቸው፤ ሐረር ጁገል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለውን ያን ባለ ሥዕል የእንጨት ቤት የሠራውም የህንድ ነጋዴ ነው።

ሩብ የሻይ ማንኪያ ትሪካቱ ከምግብ በኋላ በለብ ያለ ውሃ ወይም በማር በቂ ነው። ጨጓራ ያለበት ግን አይሞክረው፤ ቀለል ያለ የዝንጅብል ሻይ ይበቃዋል። የደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪን ወይም በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድን እንደ መድኃኒት አብዝቶ ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ወጥ ውስጥ ያለው አያስፈራም፤ የሚያስፈራው በማንኪያ የሚቃመው ነው። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ።

ምግቡ ትኩስ፣ የበሰለ፣ ቅባት የነካው ይሁን ይላሉ። የሾርባ፣ የአጃ ገንፎ፣ የሐረሮቹ ሁልበት ዓይነት ነገር ማለት ነው፤ አብሽ በአዩርቬዳም አሞቂ ነው። የኮሌስትሮል ችግር ላለበት ግን «አዩርቬዳ ቅቤ ጠጡ ብሏል» እያላችሁ ቅቤ አታብዙበት።

ስለታሸገው ክኒንና ዱቄት ደግሞ ግልጽ ልሁን። ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የአዩርቬዳ መድኃኒት አትግዙ። አንዳንዱ ባህሉ ራሱ በሚፈቅደው መንገድ ብረትና ሜርኩሪ ተቃጥሎ የሚገባበት ነው። በ2004 በአውሮፓ አቆጣጠር ቦስተን ውስጥ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጄ ደነዘዘ ብሎ መድኃኒት የጀመረ ሰው ጭራሽ ሊብስበት ይችላል። አሽዋጋንዳ የሚሉትም የእኛው ግዛዋ ነው። ነቅሎ ቀቅሎ መጠጣት ይቅር፣ ጉበትና እንቅርት ዕጢ ላይ ጣጣ አለው።

እሽቱን የሚያፈርሰው ነገር

አቦ፣ እዚህ ከተማ እየኖርን ጫት ሳይነሳ አይሆንም። ጠዋት የሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ እግሩን አጣጥፎ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ የሚቅም ሰው የጠዋቱን በከሰዓቱ ያፈርሰዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊት ያስነሳል፣ ዳር ዳር ያሉትን ትንንሽ የደም ቧንቧዎችም ያጠባል። ምርቃና ላይ ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ላዩ ላይ ሲጋራ ሲጨመር ደግሞ ከዚህ የባሰ ለእግር ጠላት የለም፤ ከማጨስ ብቻ የተነሳ የጣት ደም ሥር ተደፍኖ ጣት እስከማስቆረጥ የሚያደርስ በሽታ አለ። ማንንም መውቀሴ አይደለም፣ የማከብራቸው ሰዎች ይቅማሉ። እግራችሁ ከቀዘቀዘ ግን ሲጋራውን ዛሬ፣ ጫቱን ደግሞ ቀስ በቀስ ተዉት። እስክትተዉት ድረስ ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱና ግቢውን ዙሩ፣ እግራችሁን አታጣጥፉ፣ ውሃ ጠጡ።

ሁለተኛው ነገር መራመድ ነው፤ ለጠበበ ቧንቧ ከእሽት ሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት እሱ ነው። ሐኪም ከፈቀደላችሁ፣ ባታችሁ ጠንከር አድርጎ እስኪይዛችሁ ተራመዱ፣ ቁሙ፣ ሲለቃችሁ ቀጥሉ። እንዲህ እያላችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። እግር ቀስ በቀስ ሳይያዝ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ድሬ ላይ ለዚህ ከከዚራ የሚሻል የለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዛፎቹ ሥር መንገዱ ቀዝቃዛ ነው። ሐረር ያላችሁ ደግሞ የጁገልን ግንብ ዙሩ። ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በየበሩ ቆማችሁ እያረፋችሁ።

ስታርፉ እግር ከፍ ይደረግ ወይስ ይንጠልጠል ለምትሉ፦ የሚያብጥ እግር ከፍ ሲል ይቀለዋል። ደም ወሳጁ የጠበበበት እግር ግን ከፍ ሲል ይብስበታል፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ነው የሚያርፈው። የትኛው እንደሆናችሁ ካላወቃችሁ እግሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ የቀለለውን አድርጉ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

በስንት ጊዜ ለውጥ እንጠብቅ ለሚል፣ ሙቀቱ በዚያው ቀን ይሰማል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ በሳምንታት ይለሰልሳል፣ እንቅልፍም ቶሎ ይስተካከላል። ድንዛዜው ግን ወር ሙሉ ታሽቶ እንደነበር ከቀረ ወይም ወደ ላይ እየወጣ ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሙሉውን ገላ ማሸት በየቀኑ ለማይችል እግርና እጅ ብቻ በየማታው፣ ሙሉው ደግሞ በሳምንት አንዴ ይሁን። ዘይቱን ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ ጠቆር ባለ ጠርሙስ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፣ አንዴ ብርጭቆ ውስጥ የሞቀውን መልሳችሁ አትጨምሩበት። ዘይት የጠጣውን ሽርጥና ፎጣ ክምር አድርጋችሁ ሙቀት ላይ አትተዉት፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ታፍኖ ሲሞቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። በዚያው ቀን በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡትና ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አስጡት።